14 ርዕስ ይዛችሁ አትግቡ፦ ከአረንጓዴ ፓርቲ ተመራጭ ጋር ለሚደረግ ክርክር ርዕስ ስለ መምረጥ

ጥያቄ፦ «ፍራንክፈርት አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ያቋቋምነው ማኅበር ነን። አንዲት የአረንጓዴ ፓርቲ የቡንደስታግ (የጀርመን ፌደራል ምክር ቤት) አባል በአዳራሻችን ሕዝባዊ ክርክር ለማድረግ ፈቃደኛ ሆነዋል። ያለን ጊዜ 2 ሰዓት ነው። ኮሚቴው እስካሁን 14 ርዕስ ሰብስቧል፤ የአየር ንብረት ለውጥ፣ ሕዳሴ ግድብ፣ የአገር ቤት ጦርነት፣ ዜግነት፣ ቤተሰብ ማምጣት፣ የቤት ችግር፣ ዘረኝነት፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ሌላም ሌላም። ግማሾቻችን ፓርቲው የአካባቢ ጥበቃ ፓርቲ ስለሆነ ስለ አካባቢ ብቻ እንጠይቅ እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ይህን ዕድል አግኝተን ስለ አገራችን ካልጠየቅን ምን ዋጋ አለው እንላለን። የትኛውን እንምረጥ?»

14ቱን ወደ ሦስት አውርዱ። ሦስት ርዕስ ይበቃችኋል። 2 ሰዓት ብዙ ይመስላል እንጂ ለሕዝብ መድረክ ትንሽ ነው። ሰው እስኪሰበሰብ፣ መድረክ መሪው እስኪያስተዋውቅ፣ እንግዳዋ መክፈቻቸውን እስኪናገሩ ግማሽ ሰዓቱ ይሄዳል። ንግግሩ ሁሉ ተራ በተራ ወደ አማርኛ የሚተረጎም ከሆነ ደግሞ የቀረውም በግማሽ ይቀንሳል። 14 ርዕስ ካላችሁ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ብቻ ነው፣ የመጀመሪያው መልስ ደግሞ ሁልጊዜ የተዘጋጀው መልስ ነው። እንዲህ ያሉ መድረኮችን ማዘጋጀት ሥራዬ ስለሆነ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው፦ ፖለቲከኛ ከተጠና መልሱ ወጥቶ እውነተኛ ነገር መናገር የሚጀምረው ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ በዚያው ርዕስ ላይ ሲከተለው ነው።

«የአካባቢ ጥበቃ ፓርቲ ነው» የሚለው ላይ ልምጣ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ብቻ በእኛው ናቸው።) ፓርቲው በጃንዋሪ 1980 ካርልስሩኸ ላይ ሲመሠረት ያቆማቸው ምሰሶዎች አራት ነበሩ፦ ሥነ ምህዳር፣ ማኅበራዊ ፍትሕ፣ ከታች የሚጀምር ዴሞክራሲና ከኃይል መታቀብ። በ1983 ቡንደስታግ ገባ። እናንተ ባላችሁበት በሄሰን ክፍለ ግዛት በ1985 ዮሽካ ፊሸር ስኒከር ተጫምተው ቃለ መሐላ ፈጸሙና የፓርቲው የመጀመሪያ ሚኒስትር ሆኑ። እኚሁ ሰው ከ1998 እስከ 2005 የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1999 በኮሶቮ ጦርነት መሳተፍን ስለደገፉ በገዛ ፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ቀይ ቀለም የሞላበት ከረጢት ተወርውሮ ጆሯቸውን መታቸው። አረንጓዴዎቹ ከ2014 እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ ሄሰንን ከወግ አጥባቂው ፓርቲ ከሲዲዩ ጋር ሆነው አስተዳድረዋል። በፌደራል ደረጃም ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ሚኒስቴሮችን ይዘው ነበር፦ አናሌና ቤርቦክ ውጭ ጉዳይን፣ ሮበርት ሀቤክ ኢኮኖሚንና የአየር ንብረትን፣ ጄም ኦዝደሚር ግብርናን። ይህ ፓርቲ የፈረማቸው ሕጎችና የያዛቸው መሥሪያ ቤቶች አሉት። ስለዚህ ስለ ምኞቱ ሳይሆን ስለ ሠራው ጠይቁት።

በጥያቄያችሁ ውስጥ ባይጻፍም በኮሚቴዎች ውስጥ ሁልጊዜ የማየው ሌላ ግምት አለ። «አረንጓዴዎቹ የስደተኛ ወዳጅ ናቸው፣ ከእኛ ጋር ይስማማሉ» የሚባለው ነው። መስማማቱ እውነት ቢሆን እንኳ የሚስማማ ሰው ለምን ክርክር ይጋበዛል? እውነታው ግን ከዚያም የተለየ ነው። በጃንዋሪ 2024 ጥገኝነት የተከለከሉ ሰዎችን በቶሎ ለመመለስ የወጣው ሕግ የጸደቀው እነሱ በነበሩበት መንግሥት ነው። በ2023 የአውሮፓ ኅብረት የጥገኝነት ሥርዓት ሲጠብቅም ጀርመን ስትስማማ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በእጃቸው ነበር። ፓርቲው ውስጥ በሁለቱም ላይ ከባድ ጭቅጭቅ ነበር፣ ለእናንተ የሚጠቅመውም ያ ጭቅጭቅ ነው። ስም እየተጠራ ድምፅ በተሰጠባቸው ሕጎች ላይ እያንዳንዱ ተመራጭ ምን እንደመረጠ የቡንደስታግ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። እንግዳችሁ ያኔም ተመራጭ ከነበሩ ስማቸውን ፈልጉና ድምፃቸውን አትማችሁ ያዙ። አንድ ምሽት ይፈጃል፣ ከማንኛውም የኮሚቴ ስብሰባ በላይ ይጠቅማችኋል።

አሁን ደግሞ ፓርቲው ተቃዋሚ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 ምርጫ 11.6 በመቶ አግኝቶ ከመንግሥት ወጥቷል። እንግዳችሁን «ይህን ያድርጉልን» ብትሏቸው በቅንነት የሚመልሱት «ሥልጣን ላይ አይደለንም» ብለው ነው፣ ርዕሱም እዚያው ይሞታል። ነገር ግን አንድ ተራ የቡንደስታግ አባል በወር እስከ አራት የጽሑፍ ጥያቄ ለፌደራል መንግሥቱ ማቅረብ ይችላል፣ መንግሥቱም መመለስ አለበት። የፓርቲው ቡድን ደግሞ ሰፋ ያለ ጥያቄ አቅርቦ ቁጥርና ማብራሪያ ማስወጣት ይችላል። ብዙ ጋዜጣ ላይ የምታነቡት የቪዛ ወረፋ ቁጥር የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ርዕስ ስትመርጡ ይህ መሣሪያ የሚሠራበትን ምረጡ።

ሌላው ደረጃ ነው፤ ብዙ መድረክ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የዜግነት ሕግ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሕግ፣ ኤምባሲዎች የፌደራሉ ናቸው። ትምህርት ቤትና ፖሊስ በአብዛኛው የላንዱ (የክፍለ ግዛቱ) ነው። መዋዕለ ሕፃናት፣ የከተማ አውቶቡስ፣ የውጭ ዜጎች ቢሮ ወረፋ የከተማው ወይም የክራይሱ (የወረዳው) ነው። ለቡንደስታግ አባል ስለ ልጆቻችሁ አስተማሪ ብትነግሯቸው በደንብ ያዳምጧችኋል፣ ማስታወሻም ይይዛሉ፣ ከዚያ ግን ምንም አይሆንም። ትምህርት ቤቱን ለላንድታግ (ለላንዱ ምክር ቤት) ተመራጭ፣ መዋዕለ ሕፃናቱን ለከተማ ምክር ቤት ሰው አቆዩት።

እኔ ርዕስ የማጣራው በሦስት ነገር ነው። እንግዳው በጉዳዩ ላይ እጁ አለበት ወይ? ፓርቲው ራሱ ውስጥ የሚያከራክር፣ ሁለት የሚወዳቸው ነገሮች የሚጋጩበት ጉዳይ ነው ወይ? አዳራሹ ውስጥ ነገሩን በኑሮው የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? አንዱ እንኳ ከጎደለ ርዕሱ ለሌላ ቀን ነው።

በዚህ ወንፊት ሕዳሴ ግድብ ይወድቃል። ጉዳዩ ያንገበግባችኋል፣ ይገባኛል፤ የጀርመን ተመራጭ ግን ድምፅ የሚሰጡበት ነገር የለም። ድርድሩ የኢትዮጵያ፣ የግብፅና የሱዳን ነበር፣ ግድቡም በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል። «ውይይት ይበጃል» ከሚል የዘለለ መልስ አትጠብቁ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

የአገር ቤት ጦርነት ግን ከዚህ ይለያል፣ ትንሽ ልቆይበት። ይህንን የምትጥሉት የማይረባ ስለሆነ አይደለም። ሰው ዘመዱን አጥቷል፣ አሁንም የሚያጣ አለ። የምትጥሉት በ25 ደቂቃ ውስጥ በጨዋነት ሊያዝ ስለማይችል ነው። አዳራሻችሁ ውስጥ ከተለያየ ወገን የቆሰሉ ሰዎች ይቀመጣሉ፣ የመጀመሪያው ተናጋሪ ታሪኩን ከየት እንደሚጀምር ብቻ ሰምቶ ግማሹ አዳራሽ ይነሳል። እንግዳዋ ዝም ብለው ያያሉ፣ በመካከል የሚጠፋው የእናንተ ማኅበር ነው። ጀርመን በጉዳዩ ላይ አቋም የላትም ማለቴም አይደለም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት ሁለት ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 2023፣ ቤርቦክ ከፈረንሳይ አቻቸው ከካትሪን ኮሎና ጋር አዲስ አበባ ሄደው በጦርነቱ ለተፈጸሙ ወንጀሎች ተጠያቂነት እንዲኖር ጠይቀዋል። «ያ ጥያቄ የት ደረሰ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ለብቻው ምሽት፣ የውጭ ጉዳይ ወይም የልማት ትብብር ኮሚቴ ውስጥ ከሚሠራ ተመራጭ ጋር፣ ከሁሉም ወገን የሚከበር መድረክ መሪ ተገኝቶ ይሁን። ለአባላቶቻችሁ ይህንን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ቀኑንም ቁረጡላቸው፤ «አልተፈቀደልንም» ብለው ካሰቡ በጥያቄ ሰዓት ያነሱታል።

አንድ ሌላ የሚያጓጓ ርዕስ አለ፣ የውጭ ዜጎች የከተማ ምርጫ መብት። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው ግብር ይከፍላል፣ ለከተማው ምክር ቤት ግን መምረጥ አይችልም። ለውጭ ዜጎች ይህን መብት ሁለት ላንዶች ሊሰጡ ሞክረው በ1990 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ዘግቶታል። አረንጓዴዎቹ መብቱን ይደግፋሉ፣ ሕገ መንግሥቱን ለመቀየር ግን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። እንግዳችሁ «እደግፋለሁ» ይላሉ፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ አለቀ። መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ጥያቄ መድረክ ላይ አታውጡ።

ታዲያ የሚቀሩት ሦስቱ የትኞቹ ናቸው? የእኔ ምክር ወረቀት፣ ቡና እና ቤት ነው።

ወረቀት ስል ዜግነትንና ቤተሰብ ማምጣትን ነው። በጁን 27 ቀን 2024 የጸናው የዜግነት ሕግ አረንጓዴዎቹ በነበሩበት መንግሥት የወጣ ነው። የቆይታ ጊዜውን ከ8 ዓመት ወደ 5 አወረደው፣ የቀድሞውን ዜግነት የመተው ግዴታንም አነሳ። በተለየ ሁኔታ በ3 ዓመት የሚያሰጠውን መንገድ ቀጥሎ የመጣው መንግሥት በ2025 መጨረሻ ላይ ሰርዞታል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ያልተወራለት ሌላው ጎኑ ነው፦ ያው ሕግ የመንግሥት ድጎማ ለሚቀበሉ ሰዎች በሩን አጥብቦታል። ቀድሞ ድጎማ የሚቀበለው በራሱ ጥፋት ያልሆነ ሰው ዜግነቱን በመብቱ ይጠይቅ ነበር። አሁን ያ አጠቃላይ ከለላ ተነስቶ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ቀርተዋል፣ ለምሳሌ ባለፉት 24 ወራት ውስጥ 20ውን ሙሉ ሰዓት ለሠራ። ለብቻዋ ልጅ የምታሳድግ፣ ግማሽ ቀን የምትሠራ፣ ኪራዩን ለመሙላት ድጎማ ከሚከፍለው ቢሮ ከዮብሴንተር ማሟያ የምትቀበል እናት በመብት መጠየቅ አትችልም፣ የሚቀራት የባለሥልጣኑ በጎ ፈቃድ ነው። እንዲህ ዓይነት እናት በማኅበራችሁ ውስጥ የለችም ብትሉኝ አላምንም።

በዚህ ርዕስ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛው፣ የማመልከቻውን ወረፋ ለእንግዳዋ አታሸክሙ። ሕጉ የፌደራል ነው፣ በፍራንክፈርት አካባቢ ፋይሉን የሚይዘው ግን ዳርምሽታት ያለው የላንዱ አስተዳደር ነው። ሁለተኛው፣ «ጥምር ዜግነት ተፈቀደ» ሲባል የተፈቀደው በጀርመን በኩል ብቻ ነው። በእኛ በኩል አዋጅ ቁጥር 378/1996 አልተቀየረም፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል፤ የሚቀርለት በአዋጅ 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ ነው። ይህን የሚመልሰው የኢትዮጵያ ፓርላማ ነውና ለጀርመን ተመራጭ አቤት አይባልም።

ቤተሰብ ማምጣት ላይ የተሻለ እጀታ አላችሁ። ኤምባሲዎች የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ናቸው፣ ሚኒስቴሩ ደግሞ ከ2021 መጨረሻ እስከ ሜይ 2025 በእንግዳችሁ ፓርቲ እጅ ነበር። ንዑስ ጥበቃ (ከሙሉ የስደተኛነት እውቅና ያነሰ ከለላ) ብቻ ያገኙ ሰዎች ቤተሰብ ማምጣት በ2025 ለሁለት ዓመት ሲታገድ አረንጓዴዎቹ ተቃውመዋል፣ ትክክል ነው። ነገር ግን እገዳው ከመምጣቱ በፊትም ቤተሰብ ቀጠሮ እየጠበቀ፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀቱ እየተጣራ፣ ረጅም ጊዜ ተለያይቶ ኖሯል። ስለዚህ «ስለ ቤተሰብ ማምጣት ምን ያስባሉ?» አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «ፓርቲዎ ውጭ ጉዳይን ሦስት ዓመት ተኩል ይዞ ነበር። የአዲስ አበባው ኤምባሲ የቤተሰብ ቪዛ ወረፋ በዚያ ጊዜ ውስጥ አጠረ ወይስ ረዘመ? ካላጠረ የከለከለው ገንዘብ ነው፣ የሰው ኃይል ነው ወይስ ፍላጎት?» ይህ ጥያቄ መውጫ የለውም። ቁጥሩን የማያውቁ ከሆነ «በጽሑፍ ጥያቄ መንግሥትን ይጠይቁልን» ትላላችሁ፣ እሺ ይላሉ።

ቡናን የመረጥኩት ለአካባቢ ጥበቃው ወገን ለማዳላት አይደለም። ከሁሉም ርዕስ አረንጓዴ ፖለቲከኛን በእውነት የሚያስጨንቀው ስለሆነ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የተመረተ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ በካርታ ማቅረብ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ዙሪያውን መለካት ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ጅማ ወይም ሲዳማ ላይ ግን አንድ ኮንቴይነር ቡና የብዙ መቶ ገበሬ ቡና ነው፣ የአብዛኛው ገበሬ ማሳ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም፣ ቡናው ከጓሮው ወጥቶ በሰብሳቢና በማጠቢያ ጣቢያ ሲያልፍ ይቀላቀላል። ማሳውን ማን ይለካል? የመለኪያውን ዋጋስ ማን ይከፍላል? ገበሬው መረጃ ስለሌለው ብቻ ከገበያ ከወጣ ደኑ ምን ተጠቀመ? የእኛ ቡና እኮ ብዙው በጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅል ነው። ከፋ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው የዱር ቡናው ከነደኑ ስላለ ነው፣ በዚያ ሥራ ውስጥም የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ናቡ እጁ አለበት።

ይህ ርዕስ አረንጓዴዎቹን ከሁለት ወገን ይይዛቸዋል። በአውሮፓ ፓርላማ ሕጉን አጥብቀው የሚከላከሉት እነሱ ናቸው። በበርሊን ግን የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ኦዝደሚር ራሳቸው በ2024 ሕጉ እንዲዘገይ ኮሚሽኑን ጠይቀዋል። ሕጉ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ አሁን ለትላልቅ ኩባንያዎች በ2026 መጨረሻ፣ ለትንንሾቹ በ2027 አጋማሽ እንዲጀምር ተወስኗል። እንግዳችሁ የቱ ጋ ናቸው? ጀርመን ደግሞ ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዢዎች አንዷ ናት። በአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ላይ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር ትሰበስባለች፣ በዓመት አንድ ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ይሆናል። ግብሩ የበርሊን ውሳኔ ስለሆነ «ከዚህ ገንዘብ ጥቂቱ ለገበሬው ማሳ ልኬታ ቢውል ፓርቲዎ ይደግፋል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እኔ ብሆን ይህን ጥያቄ ለማኅበሩ ወጣት እሰጠዋለሁ፤ ከተቻለ ቤተሰቡ ቡና ለሚያመርት። በዚህ ርዕስ ላይ አዳራሹ ከእንግዳዋ የበለጠ ያውቃል፣ እንዲህ ሲሆን ክርክሩ ሕይወት ያገኛል።

ቤት ላይ የቤት ችግርንና ዘረኝነትን አንድ ላይ አድርጓቸው። ዘረኝነት ለብቻው ርዕስ ሲሆን ሁሉም ያወግዘዋል፣ ማውገዝ ደግሞ ክርክር አይደለም። ቤት ፍለጋ ላይ ግን ሕግ አለ፣ ቀዳዳም አለው። በ2006 የወጣው አድልዎን የሚከለክለው ሕግ፣ በስሙ ወይም በመልኩ ምክንያት ቤት የተከለከለ ሰው ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፣ መጠየቂያው ጊዜ ግን ሁለት ወር ብቻ ነው። ደብዳቤው ደርሶህ፣ ለምን እንደሆነ ገብቶህ፣ ምክር አገኘሁ ስትል ጊዜው አልፏል። አከራዮች «የተመጣጠነ የነዋሪ ስብጥር» ለመጠበቅ በሚል ሰውን ለይተው እንዲያስተናግዱ የሚፈቅድ አንቀጽም አለው። በ2021 የጥምር መንግሥቱ ስምምነት ይህ ሕግ እንደሚሻሻል ተጽፎ ነበር። አልተሻሻለም። ለምን? በጊዜው የፍትሕ ሚኒስቴሩን የያዘው የጥምሩ አጋር የነበረው ኤፍዲፒ ነው ይሏችኋል፣ ከፊሉ እውነት ነው። ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት፣ ፓርቲያቸው ቤቶች በታዳሽ ኃይል እንዲሞቁ በሚያዘው የማሞቂያ ሕግ ላይ ያን ያህል ሲታገል በዚህኛው ላይ ምን ያህል እንደታገለ ነው።

ማሞቂያውን ካነሳሁ አይቀር፣ የአየር ንብረት ርዕሱን ለብቻው አላስገባሁትም፤ በቡናው ውስጥ አለ። የኑክሌር ጣቢያዎቹ በኤፕሪል 2023 ተዘግተዋል፣ ያ ክርክር በየቴሌቪዥኑ ይገኛል። ከታዳሚ ስለ አውሮፕላን ትኬት ግብር የሚጠይቅ ይኖራል፤ በሜይ 2024 ጨምሮ ስለነበር በየዓመቱ አገር ቤት የሚሄድ ቤተሰብ ይሰማዋል። በጥያቄ ሰዓት ይምጣ።

ርዕሶቹን ለእንግዳዋ ቢሮ ከሁለት ሳምንት በፊት ላኩ፣ በእያንዳንዱ ላይ ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ጨምሩ። «አስቀድመን ከነገርናቸው ይዘጋጃሉ» የሚል ሰው በየኮሚቴው አለ። ይዘጋጁ! ያልተዘጋጀ ፖለቲከኛ የሚሰጣችሁ «አጣርቼ እነግራችኋለሁ» የሚል መልስ ነው። የማትልኩት ተከታይ ጥያቄዎቹን ነው።

የታዳሚ ጥያቄ በካርድ ይሁን፣ በአማርኛም በጀርመንኛም። ማይክ ለሕዝብ ስትለቁ የእኛ ሰው ከአድዋ ጀምሮ ይመጣል፣ ጥያቄው ላይ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል፣ ሴቶችና እዚህ የተወለዱ ልጆች ደግሞ እጃቸውን ሳያነሱ ይቀራሉ። ካርድ ይህን ያስተካክለዋል። ለትርጉም አቅሙ ካላችሁ ጆሮ ማዳመጫ ተከራዩ። ከሌላችሁ መድረኩን በጀርመንኛ አድርጋችሁ ከየርዕሱ በኋላ የሦስት ደቂቃ ማጠቃለያ በአማርኛ ስጡ።

አሁን በጣም የምለምናችሁ ነገር፦ የማንንም ሰው የጥገኝነት ጉዳይ መድረክ ላይ አታውጡ። ባለቤቱ ቢፈቅድም አታውጡ። ስልክ ይቀርጻል፣ ቪዲዮው በዚያው ሌሊት አዲስ አበባ ይደርሳል፣ ሰውየው ፋይሉ ገና አልተዘጋም፣ ቤተሰቡም እዚያው ነው። የግል ጉዳይ ያለው ሰው በጽሑፍ ውክልና ይዞ ወደ እንግዳዋ የምርጫ ክልል ቢሮ ይሂድ፣ ቢሮው ለዚህ ነው ያለው። ጀርመናዊ ያልሆነ ሰውም ለቡንደስታግ የአቤቱታ ኮሚቴ መጻፍ መብቱ ነው። መድረክ ላይ ታሪክ ካስፈለጋችሁ ዜግነት የወሰደ፣ የሚፈራው ነገር የሌለ ሰው ያለፈበትን ይናገር።

ማኅበራችሁ ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ማኅበር ከሆነ ደግሞ የፓርቲ ቅስቀሳ እንዳይመስል ተጠንቀቁ። በ2019 የፌደራሉ የግብር ፍርድ ቤት አታክ የተባለው ማኅበር ፖለቲካ ውስጥ ገብቷል በሚለው ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ የግብር ቢሮዎች ይህን አጥብቀው ያያሉ። ክርክር ማዘጋጀት የፖለቲካ ትምህርት ነው፣ ችግር የለበትም። የፓርቲውን አርማ ፖስተራችሁ ላይ መለጠፍ፣ «ምረጧቸው» ማለት፣ ምርጫ ሲቃረብ የአንድ ፓርቲ ሰው ብቻ መጋበዝ ግን አደጋ አለው። ምርጫው ቅርብ ከሆነ ለሌሎቹ ፓርቲዎች፣ ለሲዲዩም ለኤስፒዲም ተመሳሳይ ግብዣ ላኩ፣ ደብዳቤውንም አስቀምጡ።

ለእያንዳንዱ ርዕስ 25 ደቂቃ ያዙ። ከእናንተ ወገን ርዕሱን በደንብ ያጠና አንድ ሰው ከእንግዳዋ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር መሆን የለበትም፣ የሚያውቅና የማይፈራ መሆን አለበት። የመጨረሻውን ሩብ ሰዓት ለቃል አስቀምጡት። መድረክ መሪው ከሦስቱ ርዕሶች በየትኛው ላይ የጽሑፍ ጥያቄ ለመንግሥት እንደሚያቀርቡና እስከ መቼ እንደሚያቀርቡ ይጠይቃቸው፣ መልሱም በሁሉም ፊት ይጻፍ። በሳምንቱ ያንኑ የተጻፈውን ለቢሯቸው በኢሜይል ላኩ። የሚከታተለውን ሰው ከኮሚቴው መካከል ከወዲሁ ሰይሙ።